አስር ቁጥር ቁልፍ

ሐምሌ ነው፤ ሻርጃ ነው፤ አስፋልቱ ይፈላል፤
ሞተሬ ሮላ ጋ ሦስቴ ስሎ ዝም ብሏል።
ከኋላዬ፣ ከመንጠቆው፣ ላስቲክ ተከናንበው፣
አስር ነጭ ከንዱራዎች፣ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣
ራስ እንደሌላቸው አስር ጌቶች ቆመው
«ምነው? ለምን ቆምን?» የሚሉኝ ይመስላል።

ገፋሁት። ምን ላድርግ?
አራት ዓመት ኑሮዬን የገፋልኝ እሱ ነው፤
ዛሬ ተራው የኔ ነው።

የመጀመሪያው መካኒክ፣ የላሆሩ ሰውዬ፣
ከወንበሩ ሳይነሳ «ኸላስ» አለኝ፣ «ኸላስ ወንድምዬ፣
በኪሎ ሽጠው፤ ሻይ ትጠጣበታለህ።»
ሁለተኛው ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ይዞ መጣ፤
ዞረው፣ ጎንበስ ቀና አለ፣ የሚሰካበት አጣ።
ሦስተኛው ዋጋ ነገረኝ፤
በዚያ ገንዘብ ሞተሩንም ባለሞተሩንም ይገዙበታል።
አራተኛው ሞዴሉን ሲሰማ ሳቀብኝ፤
በሱ ሳቅ ውስጥ የራሴም ዕድሜ ታወቀኝ።

ካራክ የሚቀዳው ማሕቡብ ላቤን አይቶ አዘነልኝ፤
በወረቀት ኩባያ ላይ መንገድ ሳለልኝ፦
ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፤
አንኳኳና ጠብቅ፤ ሽማግሌ ነው፤ አትቸኩል።

ቫርጊስ ይሉታል። የኬረላ ሰው ነው።
ቫርጊስ ማለት በነሱ አፍ ጊዮርጊስ ነው አለኝ፤
የአባቴን ስም፣ ወልደጊዮርጊስን፣
ከመታወቂያዬ ላይ አሳየሁት፤
ጣቱን አሳልፎበት፣ ቀና ብሎ አየኝ፦
«ታዲያ ፈረሱን ሸጠህ ነው ሆንዳ የገዛኸው?»

«ርገጠው» አለ። ረገጥኩ።
ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ አደመጠ።
«ካንዴላው ደህና ነው። ካርቡራተሩ ታፍኗል፤ ቫልቩም ላልቷል።
ይድናል።»
ይድናል!
ያን ቀን ሙሉ ስለሱ የሰማሁት ደግ ቃል።

ከዚያ እጆቹን ከኪሱ አወጣ፤
ሁለቱም፣ ሚኒሞው እንደተዛባ ሞተር፣
ይርገፈገፋሉ።
«ጆሮው እኔ ነኝ» አለ፣ «እጁን አንተ ሁን።»

እኔ?
የኮምቦልቻ ሚኒባስ ረዳት፣
«ሞልቷል፣ ሳበው!» ብዬ የኖርኩት፣
ከበር መዝጊያ በቀር ብረት የማላውቀው?

አስር ቁጥር ቁልፍ መዳፌ ላይ ጣለ።
«ወደ ግራ። ሩብ። ሩብ ብቻ። በቃ አልኩህ!
አትጨክንበት፤ ብሎን ቂም ይይዛል።»
አንዲት ቀለበት ከእጄ አመለጠች፤
የስንት ዓመት ዘይት በጠጣው ወለል ላይ
ሁለታችንም ተንበርክከን ፈለግናት፤
ከንዱራዎቹ በሩ ላይ ተሰቅለው
ምንም ሳይሉ አዩን።

የመግሪብ አዛን ሊል ሲል ረገጥኩ። እንደገና ረገጥኩ።
በሦስተኛው ሳሉ ሳቅ ሆነ።

«ስንት ልክፈል?»
«እጁ ያንተ፤ ለጆሮ ደግሞ ማን ይከፍላል?
ቪዛዬ ተዘግቷል፤ ሐሙስ አገሬ ነኝ» አለ፤
ቁልፉንም አልተቀበለኝም።

አንዱ ተፍቆ ጠፍቷል፤
ዜሮው ብቻ ነው የቀረው።

ልብሶቹን ማታ አደረስኩ፤ ቁጣውንም ጠጣሁ፤
ከአንዱ ላስቲክ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ፣ ጥቁር፣
አይቼ እንዳላየ ሆኜ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ መጥፎ አመል አወጣሁ፦
ቀይ መብራት ላይ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤
ሆዱ ውስጥ የምትላወሰውን ትንሿን ድምፅ፣
የላላችውን፣ ልትላላ ያሰበችውን፣
አዳምጣለሁ
ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን እስኪለቅብኝ።