ስም የሌለው አዝራር

በዊኒፔግ ሌሊት በረዶ ሲያጓራ
ጠራጊው መኪና፣ አስፋልቱ ጠራ።
መንገድ ከፈትኩ ሲል በኩራት አለፈ፣
በዊልቸር መውጫው ላይ ክምሩን አራገፈ።

እኔም እንደዚያ ነኝ፤ ያወቅኩት ግን ኋላ።

ለሰፈር ቤተ መጻሕፍት፣ ለድረ ገጹ፣
ቀን መምረጫ ሠራሁ፣ ክብ ነው ቅርጹ፤
ሲነኩት የሚዞር፣ ሲለቁት የሚያርፍ፣
ወሩን እንደ መጽሐፍ ገልጦ የሚያሳልፍ፤
ቅዳሜ ወርቅማ፣ እሑድ ሰማያዊ፣
ሥራ አስኪያጇ አይታ፦ «እንዴት ነው ዘመናዊ!»
ኬክ ተቆረሰልኝ። ሁለት ቁራሽ በላሁ።
«ይሠራል?» ቢሉኝም፣ «እንዴታ!» ስል ማልሁ።

ወይዘሮ ፍሌት ግን፣ በየሐሙስ ጠዋት፣
ስልክ ይደውላሉ ክፍል እንዲያዝላቸው፣
የድምፅ መጽሐፍ ሰምተው የሚውሉበት።
ዴስክ ላይ ያለው ልጅ ተሰላቸባቸው።
«ድረ ገጹ እያለ ምን ያደክሙናል?»
«ሄጄ ላሳያቸው» አልኩ፣ «ይገባቸዋል።»

ሴልከርክ ጎዳና ነው፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ።
በሩን ከፈቱልኝ። ዓይናቸው አያይ።
ይህን ዴስክ ያለው ልጅ አልነገረኝም፤
እኔም፣ እውነት ለማውጋት፣ አልጠየቅኩትም።

የኮምፒውተራቸው ማያ ጠፍቶ ውሏል፤
«መብራት ለምን ልክፈል?» ብለው ሳቅ ብለዋል።
ገጹን የሚያነበው ድምፅ ሲንጣጣ፣
እንደ ሐራጅ ጯሂ ቃል በቃል ሲያወጣ፣
ታብን ተጫኑና «ስማ» አሉኝ፣ «እንግዲህ።»

«አዝራር።
አዝራር።
ምስል፦ ቀስት ሁለት፣ ሰረዝ፣ የመጨረሻ፣ ሰረዝ፣ አዲስ።
አዝራር።
ስም የሌለው አዝራር።»

ሠላሳ አንድ ቆጠርኩ። ያ የኔ ጃንዋሪ፣
ወርቁ፣ ሰማያዊው፣ ሁሉም ያለ ጠሪ።
ከዚያ ወዲያ ታቡ መውጫ አጣ፣ ተያዘ፣
በክቡ ውስጥ ዞረ፣ ዞረ፣ ደነዘዘ።
«የምቀረው እዚህ ነው» አሉ፣ ረጋ ብለው፣
«ያስገባል እንጂ አያስወጣም፣ በርህ ምን ነካው?»

«ይሠራል እኮ...» አልኩ። «ለማን?» አላሉኝም።
ቢሉኝ ይሻል ነበር፤ ለዝምታ መልስ የለኝም።

«ከታች ያለውን ግን፣ ያን መጨረሻውን፣
ስም አወጣሁለት፤ ስማ ብልሃቴን፦
ዊልፍሬድ አልኩት፣ በሟቹ ባሌ ስም፤
ሺህ ጊዜ ብትነካው መልስ አይሰጥህም።»

ሳቅን። የኔ ሳቅ ግን ደረጃው ላይ ቀረ።

ስወጣ፣ ከሥር አንድ ሰው ዊልቸሩን አቁሞ
ክምሩን ያየዋል፣ አውቶቡሱ ቆሞ።
በጫማዬ ናድኩት፣ በእጄም፤ ጓንቴ ራሰ።
ሹፌሩ ጠበቀን። ሰውዬው ደረሰ።

ያን ሌሊት አፈረስኩት፣ ክር በክር ፈታሁት፣
ለየቀኑ ስም ጻፍኩ፣ መውጫውን ከፈትኩት፤
ሐሙስ ሐሙስ ተባለ፣ ማክሰኞም ማክሰኞ፣
የወር ስሙን ጨምሮ፣ ከሰኞ እስከ ሰኞ።
ደንቡ ላይ ተጽፏል ይህ ሁሉ፣ ከድሮው፤
«ኋላ» እያልኩ ገጹን የዘለልኩት እኔው።

«መዞሩስ?» አለችኝ ሥራ አስኪያጇ፣ ከፍቷት።
«ያዞራል» አልኳት። አልሳቀችም። ተጨቃጨቅንበት።
ወርቁን አጠቆርኩት፣ ዓይኑ ለደከመ፤
ለመገለጡም ማጥፊያ ከጎኑ ቆመ።
እሷም ሙሉ አልረካች፣ እኔም አልጨረስኩ።
ኬክ አልተቆረሰም።

ያን መጨረሻውን ኮዱ ውስጥ ፈልጌ፣
አገኘሁት። ቅሪት። ለሙከራ አድርጌ
ከዓመት በፊት ትቼ የረሳሁት ነገር።
ሥራ የለው፣ ስም የለው። ደንቡ ይነሣ ይላል።
አነሣሁት። በአንድ ቁልፍ።

ሐሙስ ጠዋት፣ በወይዘሮ ፍሌት ስም፣
ክፍሉ ተይዞ አየሁ፤ የደወለም የለም።
ብቻዬን ተነሥቼ ወንበሬ ዙሪያ ዞርኩ።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ።
«ሰባት ጊዜ ታብ ብቻ» አሉኝ። «ተባረክ።»
ትንሽ ዝም አሉ። ውጭ ጠራጊው ያጓራል።
«ልጄ» አሉ፣
«ዊልፍሬድስ?»