ሁለት ጣት

ቂርያት ጋት፣ መዋለ ሕፃናቱ ውስጥ፣ ስሜ ዛሃቫ ነው።
የሰው ልጅ አለብሳለሁ፣ የሰው ልጅ ንፍጥ እጠርጋለሁ፣
ሃያ ስምንት ጥንድ ጫማ ከእግሩ አገናኛለሁ።
ቢነክሱኝ እንኳ እስቃለሁ።
«እጅሽ ማር ነው» ይሉኛል እናቶቹ በር ላይ ቆመው፤
አምናቸዋለሁ፣
እስከ አሥር ሰዓት ድረስ፣
ደረጃውን ቆጥሬ አራተኛ ፎቅ እስክደርስ።

ቤት ስገባ ወርቅያ ነኝ።
እጄም ሌላ እጅ ነው፤
ወተት ሲደፋ፣ በር ሲላተም፣
ከእኔ ቀድሞ የሚሰማ፣ ከእኔ ቀድሞ የሚነሳ።
ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይላሉ፤
የባዕዱን ንፍጥ ችዬ
የገዛ ልጄ እንባ አቃተኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ካራቫን ውስጥ ነበርን፤
በረድፍ የተደረደረ የቆርቆሮ ሣጥን፣
ጎረቤት ሲያስል የሚሰማበት፣
ማንኪያ ሲወድቅ ሰፈሩ የሚያውቅበት።
ስለዚህ አክስቴ እናኑ ዱላ አላነሳችም።
ዱላ ይጮኻል።
አውራ ጣቷና ጠቋሚዋ ይበቋት ነበር፤
የጭኔን ውስጥ ያዝ፣
ራዲዮ እንደሚከፍት ሰው ጠምዘዝ፤
ብቻ ያ ራዲዮ
ድምፅ ማሰማት አልተፈቀደለትም።
«ዋ! ትንፍሽ ብትዪ!»
ትንፍሽ አላልኩም።
የበለዘውን በቀሚሴ ሸፈንኩ፤
መምህሯም «እንዴት ያለች ጭምት ልጅ» ብላ
ደብተሬ ላይ ኮከብ ለጠፈችልኝ።

ወልጄ እንዲህ ባደርግ፣ አልኩ፣ ጣቴ ይቆረጥ።
ጣቴ አልተቆረጠም።

ባለፈው ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣
የሻራቭ ነፋስ መስኮቱን አቧራ ሲያለብሰው፣
ማዓያን ትከሻ ላይ ክር አየሁ፤ አንዲት ነጭ ክር።
ላነሳላት እጄን ዘረጋሁ።
ክንዷ ቀደመኝ።
ጆሮዋን ጋረደ፣ ዓይኗ ተጨፈነ፣
ደረቷ ትንፋሹን ዋጠ፣ ጠበቀ።
አወቅሁት።
ያ አጨፋፈን የእኔ ነው።
ከሟች እናቴ አንድ ጉትቻ ብቻ ወረስኩ፣
ይህን ግን ለልጄ ሳልሳሳ አወረስኩ።
ክሯን እዚያው ተውኳት።
ሻማውን ስለኩስ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
«ክብሪቱ ረጥቧል» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

እሑድ ነታንያ ሄድኩ።
እናኑ ሰማንያ ልትደፍን ነው፤ ዓይኗ ስለደከመ
ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ ነኝ።
«እትዬ፣ ካራቫኑ ትዝ ይልሻል?»
«እንዴት አይለኝ! ያ ብርድ!»
«ጭኔስ?»
ሳህኑ ላይ የወደቀውን ጥፍር ቁልቁል አየች።
ከታች አውቶቡስ አለፈ፣ ሌላም አለፈ።
«እኔን በበርበሬ ጭስ ነበር የሚያጥኑኝ» አለች፣
«ጋቢ አልብሰው።»
ሌላ አላለችም።
ይቅርታ ይሁን ሰበብ አልገባኝም፤
አሁንም አልገባኝም።
መቁረጫው አውራ ጣቷ ላይ ሲደርስ፣
ለአንድ አፍታ፣ ሥጋዋን ልይዘው ፈለግሁ።
አልደብቅም። ፈለግሁ።
ከዚያ ጥፍሯን ብቻ ቆረጥኩ።

ዛሬ ማዓያን ከትምህርት ቤት ጉዞ ተመለሰች፣
መዳፏ ላይ የበለስ እሾህ ይዛ፤
ከፀጉር የቀጠነ፣ በዓይን የማይታይ፣
ሲነኩት ብቻ የሚታወቅ።
አባቷ ሌሊት ፈረቃ ነው። ሌላ ሰው የለም።
በሩ ሥር ቆማ ብዙ አሰበች።
«እማ፣ አውጪልኝ።»

መብራቱ ሥር ተቀመጥን።
በእነዚህ ጣቶች ነው፣ በሌላ በምን?
አውራ ጣትና ጠቋሚ፤ ሌላ ወረንጦ አልተሰጠኝም።
«ለአት» አለችኝ፣ «ለአት፣ እማ፣ ቀስ።»
«ካመመሽ ጩኺ» አልኳት።
ግራ ገባት።
«ጩኺ፣ ጎረቤት ይስማ።»

አንድ እጇን ሰጠችኝ።
ሌላውን ጆሮዋ አጠገብ
እንዳቆመችው ነው።
እኔም አጎንብሼ
እሾኋን እፈልጋለሁ።