የስምንት ፔሶ ቀለበት

ሐምሌ በሜክሲካሊ፤ ጥላም ጥላ ሲሻ፣
ዱካው ሬንጅ ላይ ቀርቶ ሲያነክስ ውሻ፣
የበሩ እጀታ እንደ ፍም ግሎ፣
ሾፌሩ መሪውን በፎጣ ጠቅልሎ፣
ያኔ ነው የኔ ወቅት፤ ባለ መኪናው ሁሉ
«ኤለውቴሪዮ ድረስ፣ ኤሲው ሞተ» ሲሉ።

የአንዱ ቺንጋ ነው፣ ተሰንጥቆ ያለቀ፤
የአንዱ ኮንደንሰር በአቧራ ታነቀ፤
የአንዱ ፊውዝ ብቻ። አንዱ ግን ምንም የለው፣
ልጁ ነው ቁልፉን ነክቶ ወደ ሙቅ ያዞረው።

የኦቲልያ በሽታ ግን ሁልጊዜም አንድ ነው።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሰኔ ሲጠባ፣
ያቺ ነጭ ኒሳኗ ግቢዬ ስትገባ፣
እጅጌዋ ላይ ዱቄት፣ ቫኒላ ሽታዋ፣
«ጋዝ ብቻ ሙላልኝ፤» ይህችው ናት ጣጣዋ።
ኬክ ጋጋሪ ናት። ለሰርግ፣ ለክርስትና፣
አሥራ አምስት ዓመት ለሞላት ኮረዳ፣
ባለ ሦስት ደርብ ነጭ ግንብ ሠርታ
ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን አስተኝታ
ታደርሳለች።

እኔም እሞላለሁ። የጌጁን መርፌ አያለሁ።
«ይኸው፣ በረዶ ሆነልሽ» እላለሁ።
ሁለት መቶ ፔሶ፣ ከቁራሽ ኬክ ጋር፣ እቀበላለሁ።
ስለ እንቁላል ዋጋ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም እሰማለሁ።
ትሄዳለች።

ለቄሱ ያልተናገርኩትን ለወረቀት ልናዘዝ፦
ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ በዚያች ሐምራዊ መብራት፣
አይቻት ነበር አረንጓዴዋን ነጥብ፣ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ናት፤
ከኮምፕሬሰሩ አንገት ሥር የደረቀች ጎማ፣
የስምንት ፔሶ ቀለበት፣
የዝንብ ክንፍ የማታክል፣ ትንፋሿ የማይሰማ።

አልነገርኳትም።
ክፋት አይደለም። ወይም ክፋት ነው፤ ግን ስስ ክፋት፣
ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሰኔን የምጠብቅበት።
ብደፍነው አትመጣም። ብተወው ትመለሳለች።
«ያገናኘችን እሷ ናት» ብዬ ተውኳት እንዳለች።

ዘንድሮ ጋዙ በወሩ አለቀ።
ባቡር ማቋረጫው ላይ፣ ስልሳ ፉርጎ ሲያልፍ፣
አንገቷ ሥር ላቧ ሲንጠፈጠፍ፣
ከኤሲው አፍ የመጣ የምድጃ ትንፋሽ
ቅቤውን አላልቶት፣ ደርቡ ወዲያ ሲሸሽ፣
የስኳሩ ጽጌረዳ በወንበሩ ወረደ፤
«ሲትላሊ» ከሚለው ስም «ሊ» ቀርቶ ሌላው ሄደ።

ስትመጣ አላለቀሰችም። በሩን ከፍታ አሳየችኝ።
«ሙዚቀኞቹ ደርሰዋል፤» ብቻ ነው ያለችኝ።
ከጣቷ ሮዝ ክሬም ጫማዬ ላይ ጠብ አለ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። መብራቱን አልፈለግሁም፤
እጄ መንገዱን ያውቃል፤ አልተሳሳትኩም።
አሮጌዋን ነቅዬ፣ አዲሷን በዘይት አሽቼ፣
ጋዙን እስከ ልኩ ሞልቼ፣

ቀለበት አሰርኩላት።

ለኮምፕሬሰሯ ማለቴ ነው።

«ይህችው ነበረች?» አለች፣ መዳፌ ላይ አይታ።
«ይህችው ነበረች።» «ሰባት ዓመት?»
ዓይኗን ከጎማዋ ወደ እኔ አነሳች ለአፍታ።
የገባት ይመስለኛል። ወይም ሙቀቱ ነው።

ከዚያ ሞተሩን አስነሳች። ገባች። በሩን ዘጋች።
በዚያ ብርድ ውስጥ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ግንቡን አቀናች።
እኔ ከውጭ ነኝ፣ በአርባ ስምንት ዲግሪ፣ መስታወቱን ተደግፌ፤
ስሙን መልሳ ስትጽፍ አያለሁ፣ ፊደል በፊደል፣
ላቤ እየወረደ ባፌ።

ይኸው ሰኔ መጣ።
ነጯ ኒሳን በጎዳናው አለፈች፣ መስኮቷ ተዘግቶ፣
ከኋላ አንድ ነጭ ግንብ ቀጥ ብሎ አንቀላፍቶ።
አልቆመችም። ክላክሱን ሁለቴ ነካች።

አሮጌዋ ጎማ መሳቢያዬ ውስጥ አለች።
ለትንሿ ጣት እንኳ አትገባም።
ሞክሬያለሁ።