የላይኛው ወለል

ሐሙስ። ጎርጎራ ወደብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።
በዚህች ጀልባ ደጃፍ ሠላሳ አንድ ዓመት
ትኬት ቆርጫለሁ።
ግን ሥራዬ ትኬት መቁረጥ ብቻ አይደለም፣
ባይሰፍርም በቅጥር ደብዳቤ ቀለም፤
የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ ውሃው አያልቅም፣
ሰው ካልተጫወተ ሆዱ አይረጋም፤
እና ማን ያጫውት፣ ምን ይሰማ፣ ምን ይታይ፣
ጉዳዩ የኔ ነው፣ ላይኛው ወለል ላይ።

ያኔ፣ ስጀምር፣ እንየው ነበረ፣
ከቡርቧክስ ወርዶ ማሲንቆ ያሻገረ።
መንገደኛው ደግሞ ሽምብራ ነጋዴ፣
የደንቢያ ባለጉዳይ፣ ሙግተኛ ዘመዴ።
የሰውን አመሉን ከኮቱ ያነበዋል፤
ስስታሙን አይቶ በግጥም ይነካዋል፤
ሰውዬው በሰሙ እዚሁ ስቆ ያልፈዋል።
ወርቁ ግን ማታ ነው፣ ቁንዝላ ሲተኛ፣
የሚያገላብጠው እንደ በሽተኛ።

ከዚያ መምህራን መጡ፣ አዲስ የተመደቡ፣
ጥግ ይዘው ተቀምጠው ደብዳቤ የሚያነቡ።
እንየው ሲጀምር ፊታቸውን ያዞራሉ፤
«ቴፕ የለም ወይ?» ይላሉ።
ቴፕ ገዛን። ካሴቱ ጅራቱን ሲነክስ
በእስክሪብቶ ቀፎ ስጠመዝዝ፣ ሳድስ፣
አንዱ ገጽ ሳያልቅ ደልጊ እንደርሳለን፣
ሌላውን ስንገለብጥ ባትሪ እንጨርሳለን።
እንየው ከሞተሩ ክፍል ደጃፍ ተቀምጦ
የፈረስ ጭራውን ያበጥራል፣ ፊቱን ለውሃ ሰጥቶ።

ደግሞ ጡረተኞች መጡ ከባሕር ማዶ፣
ባርኔጣቸው ሰፊ፣ ጉልበታቸው ከብዶ።
ለነሱ እንየውን ነጭ አልብሰን መለስነው፤
ሦስት ዘፈን፣ አሥር ደቂቃ፣ በሰዓት ለካነው።
ቅኔው አይገባቸው፤ ሲሰድባቸው አጨበጨቡ።
በዚያ ቀን ነው መሰል፣ ጠወለገ ልቡ።

ቴሌቪዥን ተሰቀለ ከዚያ በኋላ፤
ጀልባዋ ስትናጥ የህንዱ ጀግና በሲዲ ሲጉላላ፣
«እወድሻለሁ»ን አሥር ጊዜ ሲደግም
ባለወፍጮዋ ጠጅቱ አለቀሰች እንጂ አልሳቀችም።

ዘንድሮ ባለቤቱ፣ አቶ ሽባባው፣ ጠሩኝ፤
«ልጆቹ ምን ይሻሉ? ምን ልግዛ?» አሉኝ።
ዲጄ ሞክረን ነበር። ሁለት ሐሙስ ቆየ፤
ሄደ፣ ሁሉም ጆሮው ተደፍኖ በየስልኩ ሲስቅ ስላየ።
«መሰኪያ» አልኳቸው።
«ምን?»
«የኤሌክትሪክ መሰኪያ፤ ሃያ፣ ከየወንበሩ ሥር።»
በሠላሳ አንድ ዓመት የደረስኩበት ምስጢር።

ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽም።
አባቴ ደንገል ቆራጭ፣ ታንኳ ቀዛፊ ነበር፤
እንየው የዘፈነ ዕለት ከዳር ቆሞ ሲያማርር
ሰምቼዋለሁ። «በታንኳ ሁሉም ይቀዝፋል፣
ስለዚህ ሁሉም ያዜማል፤
እዚህ አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ይከፍላል።
ይኸ ምን ጨዋታ ይባላል?»
ብሎ ውሃው ላይ ተፋ።
እንየውም እንግዲህ ሌላውን ገፍቶ ነው የተገፋ።

ባለፈው ሐሙስ፣ ከማራኪ ግቢ የመጡ ተማሪዎች፣
አሥራ አንድ ልጆች፤
ሳቋ ጎላ ያለ፣ ብሩክታዊት የምትባል፣
«ጋሼ፣ ይኸ ሁሉ ጉድጓድ አግዳሚው ላይ ምን ይሠራል?»
ገበጣ ነው፤ ነጋዴዎቹ በሴንጢ የቆፈሩት፣
በየዓመቱ ቀለም ብንቀባው ያልደፈንነው፣ ያልሞላንለት።
ሳልነግራት ስልኳን አውጥታ አስገባችው፣
ከአንዱ ጉድጓድ ውስጥ አዘቅዝቃ አቆመችው።
ድምፁ ጎላ! እንጨቱ እንደ ማሲንቆ ሆድ አስተጋባ፤
ተነሡ፣ አሥራ አንዱም፤ ወደ ግራ አዘነበለች ጀልባ።
ተመልካች የለም። አንዱ ሲቀርጽ አንዷ ትዘፍናለች፣
ቀራጩ ሲገባ ዘፋኟ ትቀርጻለች።
አባቴ ትዝ አለኝ፤ ያን ምራቅ እንዴት ይመልሰው?

«ጋሼ፣ ና ግባ እንጂ!»
«ትኬት የለኝም» አልኳት።
ከሞተሩ ደጃፍ ሳል ሰማሁ መስሎኝ ዞርኩ፤ የእንየው ሳቅ ነው።