ዘጠኝ ሜትር ላይ፣ አራት

ከባምቢስ ዝቅ ብሎ፣ ከቆርቆሮው አጥር ውስጥ፣
ባለሦስት እግር ማማ ቆሟል፣ መሬት ሊያዳምጥ።
ስልሳ ሦስት ኪሎ ተኩል ይመዝናል መዶሻው፤
ጋሼ ወርዶፋ ነው በገመድ የሚያነሣው፣
ክንድ ተኩል ሽቅብ ስቦ ድንገት የሚለቀው።
ተማም ዘንጉን በጠመኔ በሦስት አስምሮ
ምቱን ይቆጥራል፣ ጆሮውን ቀስሮ።

«የፊተኛዋን ተዋት» እለዋለሁ፣ «እሷ አትቆጠርም፤
ቁፋሮ የነካው አፈር እውነት አይናገርም።
የኋለኞቹን ደምር፣ እነሱ ናቸው ቃሉ።»
ተማም ይስቃል፦ «መሬትም እንደ ሰው ነው በሉ!
መጀመሪያ ሲጠይቁት
የሚመልሰው አመሉን ነው።»

ሦስት ሜትር ላይ ሰባት፦ ቀይ ሸክላ፣ ጣት ላይ የሚቀር፤
ስድስት ላይ አሥራ አራት፦ ቡናማ፣ ውስጡ ጠጠር፤
አሥራ ሁለት ላይ ሠላሳ አንድ፦ የበሰበሰ ድንጋይ፤
አሥራ ስምንት ላይ ሃምሳ፦ መዶሻው ነጠረ ወደ ላይ።
ሦስቱ ጉድጓዶች አንድ ወሬ አወሩ፤
ቁጥሮቹ ደብተሬ ላይ ተሰልፈው አደሩ።

ፓይል የሚሸከመው በሁለት ነገር ነው፦
በጫፉ አለት ረግጦ፣ በጎኑ አፈር አቅፎት ነው።
የመዶሻውን ቁጥር በመጽሐፉ ብዜት አባዛለሁ፤
ለሸክላ ይህን ያህል፣ ለድንጋይ ያን ያህል እላለሁ።
ብዜቱ ግን የተገኘው ከሌላ አገር ጭቃ ነው፤
ካዛንቺስን አያውቃትም፣ እኔ ነኝ የማስተዋውቀው።

አራተኛው ጉድጓድ ላይ፣ ዘጠኝ ሜትር ስንደርስ፣
ዘንጉ ዝም ብሎ ሰጠመ፣ ጣት ሊጥ ሲዳስስ።
አንድ።
ሁለት።
ሁለት።
ድምሩ አራት።
«ተሳሳትኩ እንዴ ኢንጂነር?» አለ ተማም፣ ጠመኔው በላብ ርሶ።
ጋሼ ወርዶፋ ከዝቃጩ ቆንጥሮ አሸተተ፣
«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» አለ፣ እጁን በሱሪው አብሶ።

ከበሩ ወይዘሮ ዘርፌ ቆመዋል፣ ከአራብሳ በሦስት ታክሲ መጥተው፣
የሌለ ቤታቸውን የመብራት ሒሳብ ሊዘጉ፣ ደብተሩን በፌስታል ይዘው።
በዣንጥላቸው ጫፍ አሳዩን፦ «እዚህ ጋ ጓዳዬ ነበረች፣
ያ የነስንቅነሽ ግድግዳ ነው፤ የኔዋ እሱን ተደግፋ አርባ ዓመት የኖረች።
መዶሻችሁ የሚወርድበት የሰፈሩ ጉድጓድ ነው፤
ቧንቧ ሲገባልን ጊዜ፣ ያገኘነውን ጥለንበት፣ አፈር ያለበስነው።»

አቶ ሙዘይን ስልኩን ዘጋ፦
«አንድ ጉድጓድ ከአራት ነው! አማካዩን ያዥውና
እንጨርስ፣ ብረቱ ዋጋው በየቀኑ ነው የሚጨምር።»
ሰባት ዓመት አፈር ሳነብ የተማርኩት ቢኖር፦
አማካይ አይሸከምም።
ዓምዱ ሲቆም እዚያች ቦታ ነው የሚቆም፤
ከሦስቱ ጥጋቦች ተበድሮ
የአራተኛዋን ረሃብ አይከፍልም።

ማታ የጎኑን ድጋፍ በዚያች ማዕዘን ሰረዝኩ፤
እስከ አሥራ አንድ ሜትር ድረስ አቃፊ እንደሌለው ቆጠርኩ።
ርዝመቱን ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ዘጠኝ አወረድኩ፣
የወጣውንም አቅም ለሦስት አካፈልኩ።

«ለምን ለሦስት?» አለኝ ተማም በነጋታው፣ ሻይ ሲጠጣ፣ ዳቦውን ሲያላምጥ።
«አንዱ እጅ የማውቀው ነው» አልኩት።
«ሁለቱስ?»
«ሁለቱ የወይዘሮ ዘርፌ። ትናንት ታክሲ ቢያጡስ?»
ዝም አለ። ዳቦውን ለሦስት ከፈለው፤ አንዱን ጎረሰ፣ ሁለቱን ኪሱ ከተተ፣
እየሳቀብኝ ይሁን ገብቶት፣ አላውቅም።

ጋሼ ወርዶፋ ማማውን ነቅሎ አምስት እርምጃ ወደ ጎን ተከለው፤
እኔ ነኝ ያስጨመርኩት አምስተኛውን፣ ባለቤቱ አኩርፎ እያየ ነው።
ገመዱ ተወጠረ። ተማም ጆሮውን ቀሰረ።
አንድ፦
ይህቺ አትቆጠርም።