ስድስት ክንድ ገመድ

ሰኔ ነው። ድሬ ላይ አስፋልቱ ይቀልጣል፣
ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ላይ ያመልጣል።
በወፍጮ ቤቱ በር፣ ከኒሙ ዛፍ ስር
አይሱዙ ቆሟል፣ ሆዱ ውስጥ ሞተር፤
ሁለት ኩንታል ብረት፣ ጥቁር ዘይት የሚያለቅስ፣
ሦስት ኩሊ ታግሎት ስንዝር የማይላወስ፣
መያዣ የሌለው፣ እንደ ፍም የጋለ፣
የነካውን መዳፍ እየላጠ የጣለ።

አባቴ አንዱ ነበር፣ ይማም፣ ከሦስቱ፤
ቀና ሲል እንኳ ጎንበስ ነው፣ ለምዶበት አንገቱ።
ፊደል አልቆጠረም፤ የጆንያው ማኅተም
ማጅራቱ ላይ ቀርቷል፣ ሰማያዊ ቀለም፤
ስኳር ሆነ ሲሚንቶ፣ የጅቡቲ ጭነት
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጻፈበት።

ከዚያ መጣ ሮብሌ፣ ሽርጡን ወደ ላይ አንስቶ፣
የኒሙን ቅርንጫፍ በከዘራው እንደ ሐብሐብ አንኳኩቶ።
ሁለት መዘውር አወጣ ከከረጢቱ፣ ግራሶ የጠገቡ፣
«የምድር ባቡር ናቸው» አለ፣ «ከእኔ ጋር ጡረታ የገቡ።»
አንዱን ከላይ ሰቅሎ፣ አንዱን ከሞተሩ፣
ስድስቴ መለሰው ገመዱን በዙሩ።
ጫፉን ለእኔ ሰጠኝ፣
ለእኔ፣ ለዘነቡ፣ አሥራ አምስት ላልሞላኝ።
«ሳቢ!» አለኝ።

ኩሊዎቹ ሳቁ።

ሰውነቴን ጣልኩበት፣ ተረከዜን ቀብሬ።
ገመዱ መጣ፣ መጣ፣ እግሬ ስር ተጠቀለለ፣
መዘውሩ እንደ ጫጩት ጮኸ፣ ቅርንጫፉ እህ አለ፣
ስድስት ክንድ ከሳብኩ በኋላ
ሞተሩ፣ ያ ትዕቢተኛ፣ አንድ ክንድ ተንጠለጠለ።

ሳቁ ቆመ።

«ክብደቱ የት ሄደ?»
«የትም» አለ ሮብሌ፣ «እዚያው ነው ያለው፤
ስድስት ገመድ እቁብ ገብቶ ነው የተካፈለው።
ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይሉ የለ፣
ለአንድ ሰው ግን ሸክሙ?
እንዲያ ነው። ግን ነፃ ነገር የለም፤
በጉልበት ያተረፍሽውን በገመድ ትከፍያለሽ፣
አንድ ክንድ ልታነሺ ስድስት ክንድ ትስቢያለሽ።
ዕዳው ያው ዕዳ ነው፤ በትንሽ በትንሹ ነው የሚቀበልሽ፣
ወገብሽንም መያዣ አይጠይቅሽ።»

አይሱዙው ወደ ፊት ፈቀቅ አለ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ወረደ
ከስሩ በቆመች ባለ ኩሽኔታ ጋሪ።
ታናሼ ከድር፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ በሆዱ ገፋት፤
ሄደች።
በሁለት እጁ ማንጎ ይዞ ይበላ ነበር።

አባቴ አልሳቀም፣ አላጨበጨበም።
ደረጃው ላይ ተቀምጦ መዘውሩን አገላበጠው
እንደማያውቀው አገር ሳንቲም።
«አንተም እኮ ማሽን ነበረህ» አለው ሮብሌ፣ «ያ ሳንቃ፣
ከፉርጎው ወደ መሬት የምታጋድመው፣
ስንቱን ጆንያ ያወረድክበት። ስም ሳታወጣለት ነው እንጂ።»

«ሳንቃውንስ አውቃለሁ።
ይሄ ግን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ የት ነበረ?»

«ወርክሾፑ ውስጥ። ከበሩ በስተግራ፣ ሚስማር ላይ።
በየቀኑ በደጁ ታልፍ አልነበረ?»

«ቁልፉስ?»

ሮብሌ ሽርጡን አራገፈ። ገመዱን መጠቅለል ጀመረ፣
ክንድ በክንድ፣ ክንድ በክንድ፣
የሆነ ነገር ቆጥሮ እንደሚሳሳት ሰው።

ማታ አባቴ እጄን ይዞ ወደ አምፖሉ አስጠጋው።
መዳፌ ላይ ገመዱ የጻፈውን ቀይ መስመር
በጣቱ ተከተለ፣
ከአውራ ጣቴ ስር እስከ አንጓዬ፣ ቀስ እያለ።
«ዘነቡ፣
ይሄ ምን ይላል?» አለ።