ሦስት ዙር

ኦልድሃም ውስጥ፣ ጥጥ መፍተል ካቆመ ፋብሪካ፣
አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ዝናብ መስኮቱን ሲነካ፣
ዊኒፍሬድ አስፒናል መነጽሯን ወልውላ
የሞተ ትራንስፎርመር አወጣች ከጋዜጣው፣ አቅፋ እንደ ጨቅላ።

ከአንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ሆድ የወጣ ነው፤
ባለቤቱ ሴድሪክ፣ የብላክበርን ሰው፣
የሠርግ ጊታሪስት ነበር፤
አርባ ዓመት በዚያች ሳጥን አስጨፍሯል
ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ሰካራም፤
አንድ ቅዳሜ ማታ ግን አጨሰችና ዝም።

«አዲስ አለ» አሉት፤ «ርካሽ፣ ነገ የሚደርስ»።
ገጠመው። ድምፁ ወጣ፤
ንጹሕ፣ የታጠበ፣ እንደ ሆስፒታል አንሶላ።
«የሷ አይደለም» አለ። ነቅሎት ወደኛ መጣ።

እኔ ስንት ወሬ ሰምቻለሁ ስለ አሮጌ ነገር፤
«የድሮ ድምፅ» ሲሉኝ ፈገግ እል ነበር።
ዊኒፍሬድ ስለ ድምፅ አታወራም።
ስለ ወረቀቱ ውፍረት፣ ስለ ብረቱ ቅጠል፣ ስለ ሰሙ ሽታ፤
ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ታሸታለች ደግሞ ቆይታ።

በኛ ቋንቋ «ሰምና ወርቅ» የሚባል ነገር አለ ልላት አስቤ
ተውኩት።
ለሷ ሰም ሰም ነው፤ ሽቦው እንዳያፏጭ የሚያፍን።
ውስጡም ወርቅ የለም፤
መዳብ ነው፣ የፀጉር ያህል ቀጭን።

መፍታት ጀመርን። እሷ ጫፉን ይዛ፣
እኔ ማጠንጠኛውን እያዞርኩ፣ ቁጥሩን እየጠራሁ።
በየመቶው ዙር ወረቀቱ ላይ የእርሳስ ጭረት፤
አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ የሠለጠነ እጅ ምልክት።
«ሴት ናት» አለች። «የምንጠመጥመው ሴቶች ነበርን።
ወንዶቹ ብረቱን ይደረድራሉ።
ስማቸውን ሳጥኑ ላይ የሚጽፉት ሌሎች ናቸው።»

አንደኛው ግማሽ፦ አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት።
ሁለተኛው እኩል መሆን ነበረበት፣ እንደ ሚዛን ሳህን።
አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባት።
መልሰን ጠቅልለን ደግመን ቆጠርን። ሰባት።
ስምንት መቶው ላይ ጭረቱ ተንጋዷል፤
እርሳሱ ሸርተት ብሎ ጅራት አብቅሏል።

ማን ጠርቷት ይሆን? የሻይ ደወል? አለቃዋ?
ወይስ የሚያስቅ ወሬ ሹክ አለቻት ጓደኛዋ?
አንገቷ ዞረ፤ እጇ ግን አልቆመም፤
ሦስት ዙር አለፈ፤ ማንም አላየም።
ስልሳ ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀም።
ሙሽሮች ጨፈሩበት።

«እናስተካክለው?» አልኳት፤ «ስህተት እኮ ነው፤
ሦስት ዙር ደግሞ ጆሮ አይለየው።»
«ጆሮ ባይለየው ብረት ይለየዋል።
አርመህ ከሠራኸው ሌላ ሰው ይሆናል።»

ማክሰኞ ጠዋት ተቀመጥኩ።
መዳብ፣ ወረቀት፣ መዳብ፣ ወረቀት።
ስምንት መቶ ስደርስ እጄን አላበው።
ሳያውቁ መሳሳት የሁሉም ነው፤
እያወቁ መሳሳት፣ ያውም የሌላ ሰው ስህተት፣
ሳያበዙ፣ ሳያሳንሱ፣
ከባድ ነው ለካ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ማንም አልጠራኝም። ዝናቡም ቆሞ ነበር።

ያችን ጅራት ልሥላት እርሳስ አነሳሁ፤
ከመጨረሻው ወረቀት ጥግ ሁለት ፊደላት ነበሩ፣ እነሱንም።
እጄን ያዘችኝ።
«ስህተቷን ውሰድ» አለች። «ስሟን ተው።»

ሴድሪክ ኀሙስ መጣ። ጊታሩን ሰካ፤ አንድ ኮርድ መታ፤
እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠ።
ሌላ አልመታም። ቦርሳውን ከኪሱ አወጣ፦
«ስንት ነው?»

ሦስቱ ዙር ይሁን፣ ወረቀቱ ይሁን፣ ወይ የኛው ምኞት፣
አላውቅም፤ ቢጠይቁኝም አልምልበት።

የድሮው መዳብ አንድ ኪሎም አልሞላ፤
ለቁራሌው ሰጠነው፣ ከተበላሸ ማንቆርቆሪያ ጋር።
ባለ ሁለት ፊደሏን ወረቀት
ዊኒፍሬድ አጣጥፋ ከመርፌዎቿ ጋር ስታኖራት
እንዳላየ ሆንኩ።
ደብተሩ ላይ ቁጥሩን ጻፍኩ፦
ግራ፣ 1104። ቀኝ፣ 1107።
ከጎኑም፦ ልክ ነው።